ባሮ፣ ሽቦና ፀሐይ፦ የኤሌክትሪክ ዑደት ታሪክ በጋምቤላ

በጋምቤላ ምድር ኤሌክትሪክ ማመንጨት የተጀመረው ሽቦ ከመዘርጋቱና ጀነሬተር ከመተከሉ እጅግ ቀደም ብሎ፣ በባሮ ወንዝ ውስጥ ነው። አመንጪው የኤሌክትሪክ አምባዛ የሚባለው፣ በሳይንስ ስሙ ማላፕቴሩረስ የተሰኘው ዓሣ ነው። ሰውነቱ ድቡልቡል፣ ቆዳው ቅርፊት አልባ፣ አፉ እንደ ሌሎቹ አምባዛዎች በሪዝ የተከበበ ሲሆን፣ ዘሩ ከናይል ተፋሰስ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ወንዞች ይገኛል። ድፍርስ ውሃ ውስጥ፣ ይልቁንም በሌሊት የሚያድን በመሆኑ ዓይኑ ብዙም አያገለግለውም። የሚያገለግለው ከቆዳው ሥር ሰውነቱን የሸፈነው የኤሌክትሪክ አካል ነው። ትልቅ አምባዛ እስከ 350 ቮልት ሊለቅ ይችላል። በኢትዮጵያ ቤቶች ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት የሚገኘው 220 ቮልት ነው።

ይህ አካል በጥንተ ተፈጥሮው ጡንቻ ነበር። ማንኛውም ጡንቻ ሲሠራ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው የሶዲየምና የፖታሲየም ቅንጣቶች በሕዋሶቹ ግድግዳ በኩል ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ በዚህም በሕዋሱ ውስጥና ውጭ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል። ከአንድ ሕዋስ የሚገኘው ከአንድ ቮልት አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ ነው። በአምባዛው ግን እነዚህ ሕዋሳት መኮማተሩን ትተው፣ በሺዎች ሆነው አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈዋል። ትእዛዝ ሲደርሳቸው ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይለቃሉ፤ ትንንሾቹ ቮልቴጆችም ይደመራሉ። ምንጮችን እንዲህ ጫፍ ለጫፍ ማያያዝ ተከታታይ አያያዝ ይባላል። ከዚህ በኋላ በሚመጣው ታሪክ ሁሉ፣ በቮልታ ባትሪም ሆነ በፀሐይ ፓነል፣ ይኸው ዘዴ ደጋግሞ ብቅ ይላል።

ቮልቴጅ ብቻውን ግን ሥራ አይሠራም። ኮረንቲ፣ ማለትም የሙል ፍሰት፣ ከምንጩ አንድ ጫፍ ተነስቶ ወደ ሌላኛው ጫፍ የሚመለስበት ያልተቋረጠ መንገድ ይፈልጋል። ይህ መንገድ የኤሌክትሪክ ዑደት ወይም ሰርኪዩት ነው። ለአምባዛው ዑደቱን የሚያሟላለት የወንዙ ውሃና በውሃው ውስጥ ያለው ታዳኝ ዓሣ ነው። የወንዝ ውሃ ጨው ስለሚያንሰው ኮረንቲን በቀላሉ አያሳልፍም፤ አምባዛው ከፍተኛ ቮልቴጅ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር የሚኖረው ቶርፒዶ የተባለው ዓሣ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጨዋማው ውሃ ኮረንቲን በደንብ ስለሚያሳልፍ 50 ቮልት ገደማ ይበቃዋል። የሕዋስ ረድፎቹን ግን ጎን ለጎን አያይዞ ኮረንቲውን ያበዛል። ጎን ለጎን ማያያዝ ትይዩ አያያዝ ነው፤ ቮልቴጁን ሳይጨምር የኮረንቲውን መጠን ይጨምራል። በትምህርት ቤት ለተማሪ የሚያደናግረውን የተከታታይና የትይዩ ልዩነት ሁለት ዓሦች በየውሃቸው አክብረው ይዘውታል።

የሰው ልጅ የዓሣውን ጉልበት ያወቀው በጥንት ዘመን ነው። ግብፅ ውስጥ ሳቃራ ላይ፣ ከ4,000 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በታነጸው የቲ መቃብር ግድግዳ ላይ የኤሌክትሪክ አምባዛ ከሌሎች የናይል ዓሦች ጋር ተቀርጾ ይታያል። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርገስ ለራስ ምታትና ለሪህ ሕመምተኛ ሕያው ቶርፒዶ እንዲነካ ያዝዝ ነበር። ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1615 በታተመው የኢየሱሳዊው ኒኮላዎ ጎዲኞ የላቲን መጽሐፍ ነው። ስለ ሐበሻ ምድር የሚተርከው ይህ መጽሐፍ ስለሚያደነዝዘው ዓሣ ሲያወራ፣ ሕያው ሆኖ በሞቱ ዓሦች መካከል ሲደረግ የነካቸው ነፍስ የዘሩ ይመስል እንደሚንቀሳቀሱ ይናገራል። ለዘመኑ አንባቢ ተአምር ነበር። በዛሬ ዕውቀት ግን ኮረንቲ ገና ያልደረቀ ጡንቻን እንደሚያኮማትር የሚያሳይ ጥሩ ምልከታ ነው፤ ጋልቫኒ በእንቁራሪት እግር ላይ ተመሳሳዩን ከማየቱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ይቀድማል።

ያን ጊዜ ግን ዓሣውን ከኤሌክትሪክ ጋር ያገናኘ ሰው አልነበረም። ኤሌክትሪክ ተብሎ የሚታወቀው በጨርቅ የታሸ ሙጫ ገለባ የሚስብበት ኃይል ብቻ ነበር፤ ይህንንም ግሪካዊው ታሌስ ከክርስቶስ ልደት 600 ዓመት ገደማ በፊት ያውቀው እንደነበር ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በ1729 እንግሊዛዊው ስቴፈን ግሬይ ይህ ኃይል በአንዳንድ ነገሮች በኩል እንደሚጓዝ፣ በሌሎቹ በኩል ደግሞ እንደማይጓዝ አሳየ። ብረትና እርጥብ ገመድ ያሳልፋሉ፤ ሐርና ብርጭቆ አያሳልፉም። አስተላላፊና ኢ-አስተላላፊ የሚለው ክፍፍል ከዚህ ተወለደ። ዛሬ ከመዳብ የተሠራ ሽቦ በፕላስቲክ የሚለበጠው፣ በምሰሶ ላይ ያለው መስመርም በሸክላ ስኒዎች የሚታሰረው በዚሁ ክፍፍል መሠረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1745 እና 1746 ደግሞ የላይደን ማሰሮ ተፈለሰፈ። በፍትጊያ የተገኘን ሙል አጠራቅሞ በአንዴ የሚለቅ የመስታወት ዕቃ ነው፤ የነካውንም ክፉኛ ያንዘፈዝፈዋል።

ከማሰሮው በኋላ ሁለቱ ወሬዎች ተገናኙ። ሚሼል አዳንሰን የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ በሴኔጋል ወንዝ ያገኘው ዓሣ የሚያንዘፈዝፈው ልክ እንደ ላይደን ማሰሮ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈ። ያ ዓሣ የባሮው አምባዛ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 እንግሊዛዊው ጆን ዋልሽ ፈረንሳይ ጠረፍ ላይ ቶርፒዶን በሥርዓት ፈተነ። ሰዎችን እጅ ለእጅ አያያዘና የመጀመሪያው የዓሣውን ጀርባ፣ የመጨረሻው ሆዱን እንዲነካ አደረገ፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ተንዘፈዘፉ። በመካከል ብርጭቆ ሲገባ ግን ማንም ምንም አልተሰማውም። ዑደት ሲሟላ ኮረንቲ ያልፋል፣ በአንድ ቦታ ሲቋረጥ ለሁሉም ይቋረጣል። የቤት ማብሪያና ማጥፊያ የሚሠራው ከዚህ የተለየ ነገር የለም።

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1800 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በጻፈው ደብዳቤ አዲስ መሣሪያ አስተዋወቀ። የብርና የዚንክ ዝርግ ክቦችን እያፈራረቀ ደራረበ፤ በየጥንዱ መካከል በጨው ውሃ የተነከረ ወረቀት አኖረ። አንዱ ጥንድ አንድ ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ሃያ ጥንድ ሲደረደር ወደ ሃያ ቮልት ይጠጋል። ቮልታ መሣሪያውን ከቶርፒዶ የተፈጥሮ አካል ጋር አመሳስሎ ሰው ሠራሽ የኤሌክትሪክ አካል ብሎት ነበር። የመጀመሪያው ባትሪ የዓሣ ቅጂ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ከፍ ያለ ነበር፤ የላይደን ማሰሮ ሙሉን በአንድ ብልጭታ ሲጨርስ፣ የቮልታ ባትሪ ግን ለሰዓታት ያልተቋረጠ ኮረንቲ ሰጠ። ሰርኪዩትን መለካት የተቻለው ከዚህ ወዲህ ነው።

ቀጣዮቹ ሦስት አሥርት ዓመታት የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍን ግማሹን ጻፉት። እ.ኤ.አ. በ1820 ዴንማርካዊው ኤርስትድ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን ቀስት እንደሚያዞር አየ። እ.ኤ.አ. በ1827 ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም ሕጉን አሳተመ፦ ቮልቴጅ ከኮረንቲና ከሬዚስታንስ ብዜት ጋር እኩል ነው። ሬዚስታንስ አንድ ነገር ለኮረንቲ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ ሲሆን፣ ሽቦው ሲረዝም ይጨምራል፣ ሲወፍር ይቀንሳል። ኦም ይህን ሲያሳትም መጀመሪያ በአገሩ ብዙም ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1831 ማይክል ፋራዴይ በጥቅል ሽቦ ውስጥ ማግኔት ሲንቀሳቀስ ኮረንቲ እንደሚፈጠር አረጋገጠ። ጀነሬተር፣ በናፍጣም ይዙር በውሃ፣ የዚህ ግኝት ልጅ ነው።

ኤሌክትሪክ በመጀመሪያ ብዙ ርቀት የተጓዘው መብራት ሊሆን ሳይሆን መልእክት ሊያደርስ ነው። በዘመኑ የነበረው የቴሌግራፍ መስመር በአብዛኛው አንድ ሽቦ ብቻ ነበረው፤ የዑደቱ መመለሻ መሬት ራሷ ናት። በሁለቱም ጫፍ ብረት መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ኮረንቲውም በሽቦ ሄዶ በአፈር ይመለሳል። ወደ መብራት ሲመጣ ችግሩ ሌላ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የመንገድ መብራቶች በተከታታይ የተያያዙ ስለነበሩ አንዱ ሲበላሽ ዑደቱ ይቋረጥና ሰፈሩ ሁሉ ይጨልማል። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ ፐርል ጎዳና ጣቢያውን ሲከፍት አምፖሎቹን በትይዩ አያያዛቸው። እያንዳንዱ አምፖል የራሱ ዑደት አለው፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው አይጠፋም። ዛሬ በጋምቤላ ከተማ መኝታ ቤቱ ሲጠፋ ሳሎኑ የሚበራው በዚህ ምርጫ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያም ብዙ አልዘገየችም። ራስ መኮንን ከጣሊያን ያስመጡት ስልክ በአፄ ምኒልክ ፊት የተሞከረው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ሲሆን፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥትም በ1890 ዓ.ም. ገደማ በጀነሬተር ኃይል መብራት አገኘ። ጋምቤላ ከተማ ግን ያን ጊዜ ገና አልተቆረቆረችም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል ላይ፣ ባሮ ዳር በኢታንግ አካባቢ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያነት እንዲከራይ ተስማሙ። ጣቢያው የተተከለው ትንሽ ወደ ላይ፣ አኙዋዎች ኦፔኖ በሚሉት በባሮ ዳርቻ፣ ጋምቤላ ላይ ሆነ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ ይመጣ ነበር፤ ከኢሉባቦርና ከወለጋ የወረደው ቡና ይጫን፣ ጨውና ሸቀጥ ይራገፍ ነበር። ውሃው ሲቀንስ መርከቡ አይመጣም ነበር። የእንፋሎቱ ጉልበት ከማገዶ የሚገኝ ነበር።

በዚህ ዘመን ተራው ሰው በእጁ የያዘው የመጀመሪያ ኤሌክትሪክ የእጅ ባትሪ ነው። ካርል ጋስነር የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1886 የማይፈስ ደረቅ ባትሪ ሠርቶ ስለነበር፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእጅ መብራት በዓለም ተሰራጨ። ሕዝቡ የባትሪ ድንጋይ የሚለው ይህ ደረቅ ባትሪ የዚንክ ቆርቆሮ፣ በመካከሉ የካርቦን ዘንግ፣ በሁለቱ መካከልም እርጥብ ኬሚካል የያዘ ሲሆን 1.5 ቮልት ይሰጣል። ሁለት ድንጋይ ጭራና ራስ ተገናኝቶ ሲገባ 3 ቮልት ይሆናል። አምፖሉ 10 ኦም ሬዚስታንስ ካለው በኦም ሕግ መሠረት 0.3 አምፒር ያልፋል። ማብሪያው ሲገፋ ዑደቱ ይሟላል፣ ሲመለስ ይቋረጣል። አንደኛው ድንጋይ ተገልብጦ ከገባ ሁለቱ ቮልቴጆች እየተጣሉ ዜሮ ይወጣሉ፣ ባትሪውም አይበራም።

ድንጋይ የሚሞተው ዚንኩ እየተበላ ሲሄድና በውስጡ ያለው ሬዚስታንስ ሲጨምር ነው። በቮልቲሜትር ብቻውን ሲለካ ደህና የሚመስል ድንጋይ አምፖል ሲያያዝበት የሚደክመው ስለዚህ ነው፤ ቮልቴጁ በራሱ ውስጥ ይቀራል። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ እንደገና ለጥቂት ጊዜ መጠቀም በገጠር የቆየ ልማድ ነው። ይህ አጉል እምነት አይደለም። ሙቀት ኬሚካላዊውን ለውጥ ስለሚያፋጥን የውስጥ ሬዚስታንሱ ትንሽ ይቀንሳል። የተበላውን ዚንክ ግን አይመልስም።

እ.ኤ.አ. በ1951 የባሮ ዓሦች እንደገና ወደ ፊዚክስ መጡ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ሃንስ ሊስማን፣ ጂምናርከስ የተባለ ረጅምና ቀጭን ዓሣ ያለማቋረጥ ደካማ ኤሌክትሪክ እንደሚለቅ አሳየ። ጂምናርከስ በጋምቤላ ውሃዎችም የሚኖር ሲሆን ወደፊት እንደሚዋኝ ሁሉ ወደኋላም ይዋኛል። የሚለቀው ኤሌክትሪክ ማንንም አያደነዝዝም። በዙሪያው ያለውን ድንጋይ፣ ሥርና ዓሣ የሚያውቅበት ነው፤ ከውሃው የተሻለ ወይም የባሰ አስተላላፊ የሆነ ነገር ሲቀርብ በቆዳው ላይ የሚሰማው የኮረንቲ ስርጭት ይለወጣል። ምቱ በሴኮንድ ወደ 300 ጊዜ ይደጋገማል። የአንድ ነገር በሴኮንድ መደጋገም በኸርትዝ ስለሚለካ፣ 300 ኸርትዝ ማለት ነው። በኢትዮጵያ የቤት መስመር ላይ ያለው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ደግሞ አቅጣጫውን እየቀያየረ በሴኮንድ 50 ሙሉ ዙር ያደርጋል። የእጅ ባትሪ ኮረንቲ ከነጭራሹ አቅጣጫ አይቀይርም፤ ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚባለው እሱ ነው።

ሱዳን ነፃ ከወጣች ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1949 ዓ.ም. የጋምቤላው የንግድ ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቁሞ ነበር። ሕዝቡ ዛሬም ድረስ መብራት ኃይል የሚለው የዚህ ድርጅት የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀውና 43.2 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ነው። የቆቃ ኃይል አዲስ አበባንና በአካባቢዋ ያሉትን ከተሞች ሲያገናኝ፣ ከመሃል የራቁት ግን ለብቻቸው ቀሩ። የኃይል መረቡ ያልደረሰበት ከተማ እዚያው በተተከለ የናፍጣ ጀነሬተር ይበራ ነበር። ጋምቤላም ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ ለረጅም ጊዜ በዚህ መልክ ቆየች። ናፍጣው በመቱና በጎሬ በኩል፣ ከደጋው ቁልቁል በመኪና ይመጣ ነበር። መንገዱ ሲበላሽ መብራቱም አብሮ ይጠፋ ነበር።

የሚገርመው ክልሉ በወንዝ የተትረፈረፈ መሆኑ ነው፤ ባሮ፣ አኮቦ፣ ጊሎ፣ አልዌሮ ሁሉም በዚህ ያልፋሉ። ይሁንና ለኤሌክትሪክ የውሃ ብዛት ብቻ አይበቃም፣ ቁልቁለትም ያስፈልጋል። በሴኮንድ አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ ከ100 ሜትር ከፍታ ቢወርድ አንድ ሜጋ ዋት ገደማ ይገኛል። ያው ውሃ በሜዳ ላይ ሲንከባለል የሚሰጠው ከቁጥር አይገባም። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 526 ሜትር ላይ ያለች ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ መሬቱ ዝርግ ነው። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ አቦቦ አጠገብ የተሠራው የአልዌሮ ግድብም ለመስኖ እንጂ ለኤሌክትሪክ አልታሰበም። ቁልቁለቱ ያለው በላይኛው በኩል፣ በኢሉባቦር ደጋ ላይ ነው። በ1982 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሶር ኃይል ማመንጫ የተተከለው እዚያ፣ መቱ አቅራቢያ ነው። ሶር ወደ ገባ፣ ገባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን ስለሚፈጥር፣ ተርባይኑን ያዞረው ውሃ ከቀናት በኋላ በጋምቤላ ድልድይ ሥር ያልፋል።

የሶር ጉልበት 5 ሜጋ ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ይፈልጋል ቢባል፣ 1,400 ያህል ምጣዶች በአንድ ጊዜ ቢጣዱ የማመንጫው አቅም ሙሉ በሙሉ ያልቃል። ይህ ስሌት የከተሞች መብራት በበዓል ዋዜማ የሚደክምበትን ምክንያት ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል።

ኃይል ከደጋ ወደ ቆላ እንዲወርድ ቮልቴጁ ከፍ ማለት አለበት። 5 ሜጋ ዋት በ220 ቮልት ይላክ ቢባል 22,700 አምፒር ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚሸከም ሽቦ የለም። በ66,000 ቮልት ሲላክ ግን 76 አምፒር ይበቃል። በሽቦው ላይ በሙቀት መልክ የሚባክነው ኃይል ኮረንቲው በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በሬዚስታንሱ የሚባዛው ነው። ስለዚህ ቮልቴጁ 300 ጊዜ ሲጨምር ኮረንቲው 300 ጊዜ፣ ብክነቱ ደግሞ 90,000 ጊዜ ይቀንሳል። ቮልቴጅን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ትራንስፎርመር የሚሠራው በተለዋዋጭ ኮረንቲ ብቻ ነው። ቀጥተኛ ኮረንቲን የመረጠው ኤዲሰን በመጨረሻ የተሸነፈውም በዚሁ ነው። ጋምቤላ ዛሬ ከብሔራዊው የኃይል መረብ ጋር የተገናኘችው ከመቱ በኩል በሚመጣ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ነው። መስመሩ ተራራና ጫካ አቋርጦ የሚመጣ በመሆኑ አንድ ምሰሶ ሲወድቅ ከተማው ሁሉ ይጨልማል፤ በዚህ ረገድ ረጅሙ መስመር የጥንቱን ተከታታይ የመንገድ መብራት ጠባይ ይዞ ቀርቷል።

ከከተማው ትራንስፎርመር በኋላ ያለው ነገር የቤት ሰርኪዩት ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ሬዚስታንሱም ወደ 14 ኦም ነው። 60 ዋት የሚወስድ ማራገቢያ የሚስበው 0.3 አምፒር እንኳ አይሞላም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት በየካቲትና በመጋቢት የጋምቤላ ሰው ማራገቢያውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያዞር ቢያድር፣ ወጪው የአንድ ጊዜ ጋገራን አያህልም። ከትራንስፎርመሩ ርቆ በሚገኝ ሰፈር በሽቦው ርዝመት የተነሳ ቮልቴጁ ወደ 180 ዝቅ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ያው ምጣድ የሚያገኘው 2,300 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ቮልቴጁ በአምስተኛ ያህል ሲቀንስ ኃይሉ በአንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ የሚቀረው በዚህ ነው።

ምጣድ፣ ካውያና ምድጃ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሲሰኩ በትይዩ ስለሚያያዙ ኮረንቲያቸው ይደመራል። ቀጭኑ ሽቦ ይግላል፣ ልባሱም ይቀልጣል። ፊውዝና ብሬከር የተፈጠሩት ዑደቱን ከዚያ በፊት ለማቋረጥ ነው። ፊውዝ ሲቃጠል በምስማር ወይም በወፍራም ሽቦ መተካት አቋራጩን ያስወግዳል እንጂ እሳቱን አያስቀርም፤ የሚቀልጠው ነገር ከሰሌዳው ፊውዝ ወደ ግድግዳው ውስጥ ሽቦ ይዛወራል። የሰው አካልም የዑደት አካል ሊሆን ይችላል። ደረቅ ቆዳ እስከ 100,000 ኦም ሊቋቋም ሲችል፣ እርጥብ ቆዳ ወደ 1,000 ኦም ይወርዳል። በ220 ቮልት የመጀመሪያው 2 ሚሊ አምፒር ገደማ፣ ሁለተኛው 220 ሚሊ አምፒር ያሳልፋል። የመጨረሻው ልብን ለማቆም ይበቃል። ባሮ በክረምት ሞልቶ ኢታንግንና ላሬን ሲያጥለቀልቅ የወደቀ ሽቦ አደገኛ የሚሆነው ውሃው፣ እርጥቡ እግርና መሬቱ ዑደቱን ስለሚያሟሉት ነው። ሽቦ ላይ ያረፈች ወፍ ምንም የማትሆነው ሁለቱም እግሮቿ በአንድ ቮልቴጅ ላይ ስለሆኑ ነው።

መብራት ኃይል በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆኖ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ኃይል አመንጪና ኃይል አከፋፋይ በሆኑ ሁለት ተቋማት ተከፈለ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ከሕዝቡ 65 በመቶውን በመረብ፣ 35 በመቶውን ከመረብ ውጭ ለማዳረስ አቀደ። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ለጂካዎ፣ ለዋንቱዋ ወይም ለአኮቦ መንደር ግን ማመንጫው ቢበዛም ሽቦው እስኪደርስ ድረስ ለውጥ የለም። እነዚህ ቦታዎች በክረምት በጎርፍ የሚቆራረጡ በመሆናቸው ምሰሶ ማቆም ራሱ ከባድ ነው። ከመረብ ውጭ የተባለው ክፍል የተያዘው እንዲህ ላሉ ቦታዎች ነው።

በነዚህ መንደሮች መብራት የሚመጣው ከጣሪያ ነው። የሲሊከን የፀሐይ ሴል እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ የተሠራ ሲሆን፣ አንድ ሴል ከግማሽ ቮልት ትንሽ የሚበልጥ ይሰጣል። ብርሃን ሲሊከኑን ሲመታ ኤሌክትሮኖች ይፈታሉ፤ በሴሉ ውስጥ ያለው የሁለት ዓይነት ሲሊከን ድንበር ወደ አንድ ወገን ይገፋቸዋል፤ ዑደቱ ሲሟላም በሽቦ ዞረው ይመለሳሉ። አንድ ሴል ብቻውን ስልክ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 36 ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው 18 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ፤ ይህም ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት በቂ ነው። ከባትሪው እያንዳንዳቸው 3 ዋት የሚፈልጉ ሦስት ኤልኢዲ አምፖሎች በትይዩ ሲያያዙ እያንዳንዱ ሩብ አምፒር፣ ሁሉም በአንድነት ሦስት ሩብ አምፒር ይስባሉ። 7 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በስሌት ለ9 ሰዓት ያህል ያበራቸዋል። እስከ መጨረሻው ማራቆት የባትሪውን ዕድሜ ስለሚያሳጥር ከባትሪው ጋር የሚገጠመው ተቆጣጣሪ መሣሪያ ከዚያ ቀደም ብሎ መብራቱን ያጠፋዋል።

የጋምቤላ ፀሐይ ብርቱ ብትሆንም ሙቀቷ ለፓነሉ አይመቸውም። የፓነል አቅም የሚለካው በ25 ዲግሪ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከመቶ 0.4 ገደማ ይቀንሳል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተለጥፎ 60 ዲግሪ የደረሰ ፓነል ከአቅሙ 14 በመቶ ያህል ያጣል። ፓነሉን ከቆርቆሮው ጥቂት ከፍ አድርጎ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ማድረግ ከዚህ ኪሳራ የተወሰነውን ይመልሳል። ከሙቀቱ የባሰው ጥላ ነው። በተከታታይ ዑደት ውስጥ ኮረንቲው በሁሉም ቦታ እኩል ስለሆነ፣ የማንጎ ቅጠል ጥላ ያረፈበት አንድ ሴል የቀሩትን 35 ሴሎች ኮረንቲ ወደ ራሱ ልክ ያወርደዋል፤ ራሱም ይግላል፣ ሲቆይም ሊቃጠል ይችላል። በፓነሉ ጀርባ ባለው ሳጥን ውስጥ የሚገጠሙት ዳዮዶች ኮረንቲው ጥላ ያረፈበትን ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ መንገድ ይከፍቱለታል። የዚያን ክፍል ቮልቴጅ ግን መተካት አይችሉም፤ ስለዚህ ፓነሉ ከዛፍ ርቆ ይተከላል፣ በበጋ የሚያርፍበት አቧራም በየጊዜው ይጠረጋል።